ቅጹ እስኪወጣ ድረስ

በኩሬሃማ ወደብ ፀጉሩን ቶሚዬ ያልቆረጠችው ወንድ የለም ማለት ይቻላል። የሦስት ትውልድ ጭንቅላት በእጇ አልፏል። የማን ማጅራት ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ የማን ፀጉር ከየት በኩል መሳሳት እንደጀመረ ከሚስቶቻቸው ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ይህ ሁሉ ሆኖ ስሟ ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መቀሷ ሳይሆን ስለ ጆሮዋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ወሬ እንዳይገባበት ስትጠብቀው የኖረችው ጆሮ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የጥቁሩ ድልድይ ዘብ» የሚባል ማንጋ አለ። ጁዞ የተባለ ጦረኛ ወደ ማዶ የሄደው ታላቅ ወንድሙ እስኪመለስ ድረስ አንድ ድልድይ ላይ ቆሞ፣ የመጣውን ሁሉ በጦሩ የሚመልስበት ረጅም የሥዕል ታሪክ ነው። በየሰኞው በሚወጣ ወፍራም መጽሔት ላይ ሃያ ሃያ ገጽ ይታተማል። ከዚያ በሁለት ሦስት ወሩ የተበተነው ይሰበሰብና ተጠርዞ፣ ኪስ የሚገባ መጽሐፍ ሆኖ በቅጽ ይወጣል። አገሩም በዚሁ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰኞ ሱቅ እስኪከፈት እግሩ መሬት የማይረግጥለት የመጽሔት ወገን አለ፣ ተሰብስቦ እስኪጠረዝ የሚታገሥ የቅጽ ወገን አለ። ቶሚዬ የቅጽ ወገን ናት። ወገን ብቻ አይደለችም፣ ሊቀመንበራቸው ናት ብሎ የሚቀልድባትም አለ።

የጀመራት በሥራ ፈትነት ነው። ልጇ ተማሪ ሳለ ሦስት ቅጽ ገዝቶ ሰለቸውና ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች እንዲያነቧቸው አግዳሚው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ወረወራቸው። አንድ ዝናባማ የሰኔ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ የሚባል ዝር ሳይልባት ሲቀር አንዱን አነሳች። ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ሦስቱንም ጨርሳ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አራተኛው የታለ?»

«አልገዛሁትም እኮ፣ እማ።»

«ሰውየውን ሦስት ፈረሰኛ ከበውት ትተኸው ነው እንዴ ኳስ ስትጫወት የምትውለው?»

መጽሔቱንም ሞክራዋለች። አንድ ሰኞ ገዝታ ሃያዋን ገጽ አነበበችና መጨረሻው ላይ በጁዞ አንገት ላይ ጎራዴ እንደተመዘዘ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ጠበቃት። በዚያ ሳምንት የአንድ ደንበኛ ጆሮ ከመቀሷ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ መጽሔት አልነካችም። «ሳምንት ሙሉ ሰው ጎራዴ ሥር አስቀምጬ እንዴት ነው ምሳ የምበላው?» ትላለች።

አዲስ ቅጽ በወጣ ቀን የምታደርገውን የሚያውቅ ያውቃታል። መጀመሪያ መጽሐፉን በወረቀት ትለብደዋለች። ከዚያ አንዴ በጥድፊያ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ታነበዋለች። ቀጥሎ ቀስ ብላ፣ ሥዕሉን እያየች ትመለስበታለች። ሥዕል የምታየው ደግሞ እንደ ፀጉር ቆራጭ ነው። ጁዞ በሃያ ሁለተኛው ቅጽ እስር ቤት ሲገባ ፀጉሩ ጀርባው ላይ ወርዶ ነበር፣ ሲወጣ አጭር ነው፣ ማን ቆረጠው? ይህን የጠየቀ ሰው በመላ አገሩ አልነበረም። በሃያ ስድስተኛው ቅጽ የእስር ቤቱ ጠባቂ በድብቅ የጁዞ ወዳጅ እንደነበረ ሲገለጥ ቶሚዬ ጣቷን መስታወቱ ላይ እየቀሰረች «አላልኳችሁም? ያን የመሰለ ማጅራት ጠላት አይቆርጥም!» ብላ ፀጉር ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። እንዲህ የሚያነብ ዓይን አይናቅም። ትምህርት ቤት ሄደው ያልተማሩትን ማየት አንዳንድ ሰው በሥራው ይማረዋል።

ፀጉር ቆራጭ በአገሩ ልማድ ሰኞ ሰኞ ያርፋል። መጽሔቱም የሚወጣው ሰኞ ነው። ቶሚዬ ታዲያ ሰኞን ሬዲዮ ሳትከፍት፣ በሱቁ በኩል ሳታልፍ፣ ዓሣ እንኳ ሳትገዛ ነው የምታሳልፈው። ጭንቁ ያለው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ወንዱ ሁሉ ትኩስ ወሬ በአፉ ሞልቶ መጥቶ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ደግሞ መቀስ ይዛ የት ትሸሻለች? ስለዚህ ከመስታወቱ በላይ በትልቁ ጽፋ ሰቀለች፦ «በዚህ ቤት ቅጹ እስኪወጣ ድረስ ስለ ድልድዩ አይወራም።»

ሕጉን የደፈረ አንድ ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኮሞሪ የሚባል የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ፣ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ እንደቀረ፣ «ዓይነ ስውሩ ቀስተኛ እኮ ትናንት ሞተ» ብሎ አመለጠው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቶሚዬ መቀሱን አስቀመጠች፣ አንገቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈታች፣ በሩን ከፈተችለት።

«ኧረ ቶሚዬ ሳን! እንዲህ ሆኜ የት ልሂድ?» አለ፣ «ሳን» የሚለውን የአክብሮት ቃል ሳይረሳ።

«ወደ መጽሔትህ።»

ኮሞሪ ግራው ጎፈሬ ቀኙ መላጣ ሆኖ ሁለት ቀን ቢሮ ገባ። ማኅበሩ ውስጥ በዚያ ሳምንት ሥራ ተሠርቷል የሚል ካለ ዋሽቷል። ከዚያ በኋላ አፉን ያላቀቀ የለም።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትወደው ኢሶጋይን ነበር። ኢሶጋይ የመረብ ጀልባ ሹም ነው፤ በሰባት ዓመት ይበልጣታል። ራሱ ላይ ቢቆጠር አርባ ጠጉር አይሞላም፤ ግን ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ሳያሰልስ ይመጣል። «ምን ልቁረጥልዎ? ይንገሩኝ፣ ካገኘሁት እቆርጠዋለሁ» ትለዋለች። «አንቺ መቀሱን አንኳኪው፣ እኔ ድምፁን ነው የምወደው» ይላታል። የሚመጣው ለማንበብ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቅጹን ያነባል። ጁዞ ሲወድቅ «ውይ!» ይላል፣ ሲነሳ ጭኑን ይመታል። ሲጨርስ ክርክር ይጀመራል።

እሱ ዓሣ አጥማጅ ነውና የሚያየው ንፋስና ውሃ ነው፤ እሷ ፀጉር ታያለች። በሩን ለጠላት የከፈተው ከሃዲ ማን ነው? ቶሚዬ ሽማግሌው መምህር ነው ትላለች፣ ኢሶጋይ ፈረስ ጠባቂው ነው ይላል። ወንድምየው በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? አለ ትላለች፣ ሞቷል ይላል። ቀጣዩ ቅጽ ይወጣል፣ ቶሚዬ ታሸንፋለች። ሁልጊዜ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ኢሶጋይ አልቀናውም። እሷም አትራራለትም፣ «እርስዎ ዓሣውን እንዴት እንደሚይዙት አምላክ ይወቅ!» እያለች ትስቅበታለች። እሱ መላጣውን እያሻሸ «እንግዲህ ለሚቀጥለው ነው» ይላል።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ወንዱ ሁሉ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ኮሞሪ፣ አሁን ጡረታ ሊወጣ የተቃረበው ኮሞሪ፣ ፊቱ ላይ ትኩስ ፎጣ እንዳለበት ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ቶሚዬ ገባት። ድልድዩ አልቋል። በሚያዝያ መቶ አርባ ሰባተኛው ቅጽ ወጣና አነበበችው። የመጨረሻው፣ መቶ አርባ ስምንተኛው፣ ሐምሌ ሃያ ይወጣል ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ሦስት ወር ምን ያቅተዋል?

በግንቦት የመጀመሪያው ረቡዕ ኢሶጋይ ቀረ።

ሆዱን ሲያመው ከርሞ ኖሯል፣ ለማንም አልተናገረም። ከወደቡ በላይ ኮረብታው ላይ ያለው ሆስፒታል አስተኙት። ቶሚዬ በሰኞ እረፍቷ ምላጭና ፎጣዋን ይዛ ሄደች። ሦስት የቆዩ ቅጾችም ያዘች፤ አራት መያዝ ፈልጋ ነበር፣ ግን በአገሩ አራት ቁጥር የሞት ነው፣ ለታማሚ አይወሰድም። ጉንጩ ገብቶ ስታየው ደንግጣ ያንን በቀልድ ሸፈነችው።

«አሁንስ ጭራሽ ፊትዎንም አሳነሱት፣ ምኑን ልላጨው ነው?»

«አንቺ ቀስ ብለሽ ላጪ፣ ለሚመጣው ሰኞም ይተርፋል።»

አረፋውን ቀብታ ላጨችው። ሲያልቅ ኢሶጋይ ጣሪያውን እያየ «ቶሚዬ፣ ያ ድልድይ...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። «ሆድ ይፍጀው» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ቶሚዬ ሕመሙ መስሏት ነርስ ጠራች።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚስቱ ኪኑዬ ፀጉር ቤት መጣች፤ ሴት ወይዘሮ ወደዚያ በር አትገባም ነበር። በገመድ የታሰረ ክምር ተሸክማለች፤ ላዩን በጋዜጣ ጠቅልላዋለች። አግዳሚው ላይ አስቀመጠችውና ከጎኑ ተቀመጠች።

«ቶሚዬ፣ ሐኪሙ ሐምሌን አያይም አለኝ።»

«ቅጹ ሐምሌ ሃያ ነው እኮ የሚወጣው» አለች ቶሚዬ። ከአፏ መጀመሪያ የወጣው ይህ ነው። ወዲያው አፈረች፣ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች።

ኪኑዬ አልተቀየመችም። ጭራሽ ፈገግ አለች።

«አይዞሽ፣ እሱም ይህንኑ ነው ያለው። ግን ለራሱ አይደለም፣ ላንቺ ነው። እሱ ጨርሶታል።»

«ምኑን?»

«ድልድዩን። በመጋቢት፣ ከሰው ሁሉ ጋር። ሰኞ ከጀልባ ሲወርድ እኔ ጋ አይደለም የሚመጣው፣ ሱቅ ነው የሚገባው። ሠላሳ አንድ ዓመት! መጽሔቱን ጀልባው ውስጥ መኝታው ሥር ይደብቃል። ቤት ካመጣው ልጆቹ አውርተው ካንቺ ጆሮ እንዳይደርስ።»

«ኢሶጋይ ሳን? የመጽሔት ወገን?»

«ያን ኮሞሪን ያባረርሽው ቀን እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ መጽሔቱ ጃኬቱ ውስጥ ነው። ላብ አጠመቀኝ አለኝ። ልናገር ብሎ ፈራ፣ ከዚያ ደግሞ ማውራት ጀመራችሁ፣ ከዚያ እንዴት ብሎ ይናገር?»

ቶሚዬ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። አታሎኛል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በቤቴ ተቀምጦ አሞኝቶኛል አለች በልቧ። «ውይ!» እያለ ጭኑን ሲመታ ሁሉ ቲያትር ነበር። ከዚያ ክርክሮቹ አንድ በአንድ ትዝ አሏት። ፈረስ ጠባቂው። የሞተው ወንድም። አላዋቂ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በስህተትም ቢሆን አንዴ ይቀናዋል፤ ሁልጊዜ የሚሳሳት እውነቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ፊቱ እንዳያጋልጠው፣ እሷም የመገመት ደስታዋ እንዳይጎድልባት፣ እያወቀ የተሸናፊውን ወገን እየመረጠ ይቀመጥ ነበር። የሳቀችበት ሳቅ ሁሉ ተራ በተራ ተመለሰባት።

«ምን ፈልጎ ነው አሁን?» አለች።

«ምንም አልፈለገም። ጠይቃት ስለው ይቆጣኛል። ‹የሷን ሠላሳ አንድ ዓመት እኔ ላበላሽ?› ይላል። ግን ሲያቃዠው እሰማዋለሁ፣ ካንቺ ጋር ሲከራከር ነው የሚያድረው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይዋሽ ሊከራከርሽ ነው የሚፈልገው።» ኪኑዬ ተነሳች። ክምሩን በእጇ ነካ አደረገችው። «ከመቶ አርባ ሰባተኛው ቅጽ ወዲህ የወጡት መጽሔቶች፣ አሥራ አንዱም እዚህ አሉ። ካልፈለግሽ የአሮጌ ወረቀት ሰብሳቢዎች ቀን ሲደርስ አውጪያቸው። እኔ እንዳመጣሁ አያውቅም።»

ክምሩ እስከ እሑድ አግዳሚው ላይ ቆየ። ደንበኞች በጋዜጣ የተጠቀለለውን ገምተው ከሱ ራቅ ብለው ቆመው ተራ ጠበቁ። ቶሚዬ ሥራዋን ሠራች፣ ግን ልቧ እዚያ ነበር። የሰው ልጅ ብዙ ነገር ሲጠብቅ ይኖራል። እሷ ግን ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ከተማ ሸኝታ፣ ሳይጎድልባት የቀረ አንድ ነገር ቢኖር ይህ መጠበቅ ነው። የመጨረሻውን ቅጽ በራሷ ወረቀት ለብዳ፣ በሯን ዘግታ፣ ማንም ቀድሞ ሳይነግራት ልታነበው ነበር። ሁለት ወር ቀርቷታል። እሱ ደግሞ ሁለት ወር የለውም።

ሰኞ ጠዋት ገመዱን ቆረጠችው። የቆረጠችውም በፀጉር መቀሷ ነው። ፀጉር ቆራጭ ጥሩ መቀሱን ከፀጉር ሌላ አያስነካም፣ አባቷ ወረቀት ስትቆርጥበት ሲያያት እጇን በጥፊ ይላት ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ልትፈልግ ብትነሳ ሐሳቧን እንደምትቀይር ታውቃለች።

አሥራ አንዱን አከታትላ አነበበቻቸው። «ይቀጥላል» ባለ ቁጥር ቀጠለች። ወንድምየው ከማዶ ይመጣል፤ የጠላት ጦር መሪ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ለሦስት ምዕራፍ ይፋለማሉ፣ ከዚያ ወንድምየው ጎራዴውን ጥሎ ሠራዊቱን ይዞ ይመለሳል። ጁዞ የራሱን ቁንጮ በጎራዴ ይቆርጣል። የመጨረሻው ሥዕል ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፦ በረዶ የሚወርድበት ባዶ ድልድይ፣ በማዶው ጫፍ የተደገፈ ጦር፣ መሃል ላይ የወደቀ የገለባ ባርኔጣ። ጁዞ የለም። ወዴት እንደሄደ አልተጻፈም። ቶሚዬ ገጹን ሳትዘጋ የገብስ ሻይዋን ልትጠጣ ብታነሳው ቀዝቅዟል።

ማክሰኞ በሯ ላይ «ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ ተንጠለጠለ። በፀጉር ቤቱ ታሪክ ማክሰኞ ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው።

ኢሶጋይ ስትገባ አያትና ከትራሱ ቀና አለ። ፊቷን ሲያይ ወዲያው ገባው፤ የሰው ፊት አንባቢ ነው።

«አንብበሻል!»

«አንብቤያለሁ።»

«ማነው የሰጠሽ? ኪኑዬ ናት? ያቺ አፈ ሰፊ! አንቺስ ምን ነካሽ? ሁለት ወር አቃተሽ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አፍዎን ዘግተው የኖሩ ሰው፣ አሁን በኔ ላይ አይጩሁብኝ» አለች ቶሚዬና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ይልቅ ይንገሩኝ። ጁዞ ወዴት ሄደ?»

ኢሶጋይ ዓይኑን ጠራረገና፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ ጀልባ ላይ ሰው በሚያዝበት ድምፅ «ማዶ ነው የሄደው» አለ።

«ወደ ቤቱ ነው እንጂ! ቁንጮውን ቆርጧል እኮ። ጦረኛ ቁንጮውን የሚቆርጠው ጦረኝነት ሲበቃው ነው። የበቃው ሰው የሚሄደው ደግሞ ቤቱ ነው።»

«ጦሩስ? ጦሩ የተደገፈው በማዶው ጫፍ ነው። ቤቱ የሚገባ ሰው ጦሩን እዚያ ድረስ ወስዶ የሚያስቀምጠው እብድ ነው?»

«ወንድሙን ሲሸኝ ነዋ! እንግዳ እስከ በር ይሸኛል፣ ከዚያ ይመለሳል...» ጀምራ ፊቱ ላይ ያለውን ላብ አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን እርስዎም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የጦሩ ነገር እውነት ነው።»

ኢሶጋይ እጁን አነሳ።

«ቆይ። እያዘንሽልኝ ነው።»

«ኧረ አይደለም።»

«ቶሚዬ፣ ሆን ብሎ መሸነፍን በዚህ አገር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሲሠሩብኝ ደግሞ እለያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሸነፍልሽ ኖሬ አንቺም ልትሸነፊልኝ ነው? አትራሪልኝ። ከቻልሽ አሸንፊኝ።»

ያኔ ገጠሙ። እሷ ከሠላሳኛው ቅጽ ጀምሮ ጁዞ ስለ እናቱ ጉድጓድ ውሃ ያለውን እየጠቀሰች፣ እሱ ከሰባ አንደኛው ቅጽ ጁዞ ማዶውን እያየ ያለቀሰባትን ገጽ እየጠቀሰ። እሷ ቆመች፣ እሱ በክርኑ ተነሳ። አንዲት ነርስ ሁለቴ መጥታ «እባካችሁ፣ ሌሎችም ታማሚዎች አሉ» አለች፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ማድመጥ ጀመረች። በመጨረሻ ኢሶጋይ ጣቱን አንስቶ «ባርኔጣው» አለ።

«ምን ሆነ ባርኔጣው?»

«በረዶውን እይው፤ የሚነፍሰው ከማዶ ነው። ንፋስ ከፊትሽ ሲመጣ ባርኔጣሽን ወዴት ይወስደዋል? ወደ ኋላሽ። ባርኔጣው ደግሞ ከጦሩ ወዲህ፣ መሃል ድልድይ ላይ ነው የወደቀው። እንግዲህ የሰውየው ፊት ወደ ማዶ ነበር፤ ባርኔጣው ሲበር ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ሃምሳ ዓመት ባሕር ላይ ባርኔጣ ስንት እንደወሰደብኝ ኪኑዬን ጠይቂ።»

ቶሚዬ መልስ ፈለገች። በፀጉሩም፣ በልብሱም፣ በየቅጹም ፈለገች፤ ጠፋባት። በእውነት ተሸነፈች። ኢሶጋይ ወደ ትራሱ ተመለሰና ሳቁን ለቀቀው፤ እያሳለው፣ ሆዱን ይዞ፣ እንደ ልጅ ሳቀ። «አንቺ ፀጉሩን እንዴት እንደምትቆርጪው አምላክ ይወቅ!» አላት። ከኮረብታው ስትወርድ ተበሳጭታ ነበር፣ ደስም ብሏት ነበር፣ እንዲህ ያለ ተከራካሪ ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቧ ተቀምጦ መኖሩ ያስቆጫትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ማክሰኞ ዘጋች። በሰኔ አጋማሽ ኢሶጋይ ሞተ። የመጨረሻ ጊዜ የላጨችው እሷ ናት፣ ያቺኑ አርባ የማትሞላ ጠጉሩንም አስተካከለችለት።

ሐምሌ ሃያ መቶ አርባ ስምንተኛው ቅጽ ወጣ። ቶሚዬ ገዝታ ለበደችው፤ የምታውቀውን ታሪክ ከመጀመሪያው አነበበች። ባዶው ድልድይ ጋ ስትደርስ ልትዘጋው ነበር፤ ግን መጽሐፉ አላለቀም። ደራሲዎች አንዳንዴ ለቅጹ ብለው አዲስ ገጽ ይሥላሉ፤ መጽሔቱ ላይ ያልነበሩ ስምንት ገጾች አሉ። ገለጠችው። ጁዞ በተወለደበት መንደር ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሩዝ ያጥባል፤ ጎረቤቱ አሮጊት «ባርኔጣህን ምን በላው?» ትለዋለች። «እዚያ ያን ያህል ዘመን ያቆመኝ ድልድይ ነው፣ በረዶ ሲወርድበት ባርኔጣዬን ደፍቼለት መጣሁ» ይላታል።

ቶሚዬ ገጹን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሽርጧን አውልቃ ወደ ኪኑዬ ቤት ሄደች።

የኢሶጋይ ፎቶ ለሟች በቤት በሚቆመው የመታሰቢያ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የደረቀ ዓሣና ሩዝ ቀርቦለታል። ቶሚዬ ተንበርክካ ትንሿን ደወል አንዴ መታች፣ እጇን ገጥማ ቆየች። ከዚያ ቅጹን አውጥታ ስምንቱን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ሥዕሉንም ሳትዘል፣ ፀጉሩ እንዴት እንዳደገ፣ ንፋስ አለመኖሩን ጭምር እየነገረችው። ኪኑዬ ከኋላዋ ቁጭ ብላ ሰማች።

«እና ማን ልክ ሆነ?» አለች ሲያልቅ።

ቶሚዬ ወደ ኪኑዬ አልዞረችም፤ ፎቶውን ነበር የምታየው። እሱ ነው ብትል ማን ይከስሳታል? የሞተ ሰው ነው፤ ሚስቱም ደስ ይላታል። ግን አትራሪልኝ ብሏታል።

«ተሸነፉ፣ ኢሶጋይ ሳን» አለች። «ወደ ቤቱ ነው የሄደው። በደንብ አድርጌ አሸነፍኩዎት።»

ከዚያ እንደ ልማዷ መልሱን ጠበቀች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።